የጣና ዙሪያ ከተሞች የጋዝ ልቀታቸውን በጋራ ለመቁጠርና ለመቀነስ ከየት ይጀምሩ?

የግሽ ዓባይዋ፦

ሰላም ለቤቱ። ጥያቄዬ የልቀት ቆጠራ ለምታውቁና በከተማ ጽዳት፣ በማገዶ ወይም በትራንስፖርት ሥራ ላይ ላላችሁ ነው። ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ደብረ ታቦር፣ ከነሱም ጋር እንደ ወረታ፣ ሐሙሲትና መራዊ ያሉ ትንንሽ ከተሞች የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀታቸውን አብረው ቆጥረው አብረው ለመቀነስ ቢነሡ ሥራው በምን ይጀመራል? ዓለም አቀፉ የከንቲባዎች ኪዳን ውስጥ መግባት ይጠቅማል ወይስ እርስ በርስ የመግባቢያ ሰነድ መፈራረም ይበቃል? ከሰሉ ከአዊ ይመጣል፣ ነዳጁን አላፊ አግዳሚው መኪና ይቀዳል፣ እምቦጩ የሁሉም ነው፤ ታዲያ የማንን ልቀት ማን ይቁጠር? በጀቱ ጠባብ ስለሆነ የትኛው ሥራ እንደሚቀድምም ንገሩኝ። ስብሰባ ላይ ሁሌ ቀድሞ የሚነሣው የመንገድ መብራትን ወደ ኤልኢዲ መቀየር ነው።

ታንኳ፦

ከመብራቱ ልጀምር፣ እሱ ቶሎ ያልቃል። የሀገራችን ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ከውሃ ነው፤ ጢስ ዓባይ፣ ጣና በለስ፣ አሁን ደግሞ ሕዳሴ። ትንሽ የነፋስ ኃይልም አለበት። ስለዚህ ኤልኢዲ የከተማውን የመብራት ሂሳብ ይቀንሳል፣ ልቀቱን ግን አይነካውም ማለት ይቻላል። የውጭ ከተሞች ዕቅድ ላይ ፊት የሚቀመጠው ብዙዎቹ ኃይላቸውን ከድንጋይ ከሰልና ከጋዝ ስለሚያገኙ ነው። በሂሳብ ቁጠባ ስም ይሠራ፣ በልቀት ቅነሳ ስም አይጻፍ። ከኤሌክትሪክ ጋር በተያያዘ መቆጠር ያለበት መብራት ሲጠፋ የሚነሣው ጄኔሬተር ነው። ሆቴሉ፣ ባንኩና ሆስፒታሉ የሚያቃጥሉት ናፍጣ ብዙ ጊዜ ከቆጠራ ይረሳል።

ለቆጠራው መመሪያ ፈልሰማ አያስፈልግም። በ2014 እ.ኤ.አ. የዓለም ሀብት ኢንስቲትዩት ከከተሞች ማኅበራቱ ከሲ40 እና ከኢክሌይ ጋር ያወጣው የከተሞች ፕሮቶኮል አለ፤ ባለሙያዎች ጂፒሲ ይሉታል። ልቀትን በአምስት ይከፍላል፦ በአንድ ቦታ የሚቃጠል ኃይል (ቤት፣ ሆቴል፣ ፋብሪካ)፣ ትራንስፖርት፣ ቆሻሻና ፍሳሽ፣ የኢንዱስትሪ ሂደት፣ እርሻና የመሬት አጠቃቀም። ቤዚክ የሚባለው ዝቅተኛ ደረጃ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ብቻ ይጠይቃል። ለጣና ዙሪያ ከተሞች እዚያው ላይ መቆም ነው የሚሻለው። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ አምስቱንም እንሙላ ያለ ከተማ ግማሹን በግምት ይሞላዋል፣ በሚቀጥለው ዓመት ግምቱን የሚያስታውስ አይገኝም። ቅጹ በኤክሴል ተዘጋጅቶ በነጻ ይገኛል፣ ሲሪስ ይባላል።

ኪዳኑን በተመለከተ፦ በ2008 እ.ኤ.አ. አውሮፓ ውስጥ የተጀመረው የከንቲባዎች ኪዳንና በ2014 የመጣው ሌላ የከንቲባዎች ስምምነት ተዋሕደው ነው ዛሬ ያለው የተፈጠረው። ከሰሃራ በታች ላለው አፍሪካ የራሱ ክንፍ አለው። ለመግባት ክፍያ የለውም፣ ከንቲባው የፈረመበት የቃል መግቢያ ደብዳቤ ነው የሚፈለገው። ከፈረማችሁ በኋላ ቆጠራውን በ2 ዓመት፣ ዕቅዱን በ3 ዓመት ውስጥ ማቅረብ አለባችሁ። ፊርማው ገንዘብ ይዞ አይመጣም፤ ብዙ ቦታ ቅሬታ የሚነሣው ይመጣል ተብሎ ስለሚጠበቅ ነው። የሚያስገኘው ሥልጠና፣ ቅጽ፣ ከዚያም ረጂ ዘንድ ሲኬድ የሚቀርብ የታወቀ ሰነድ ነው። ሲ40 ደግሞ በዋናነት የትልልቆቹ ከተሞች ማኅበር ነው፣ ከኢትዮጵያ አዲስ አበባ አባል ናት።

ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ኪዳኑ የማይወስንላችሁን የመግባቢያ ሰነዱ ይወስናል፤ ዋነኛው ዓመቱ ነው። ፕሮቶኮሉ የሚፈልገው ተከታታይ 12 ወር ነው፣ የግድ ከጥር እስከ ታኅሣሥ መሆን የለበትም። ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ያለው የበጀት ዓመታችን ይሠራል፣ መረጃውም የሚገኘው በዚያ ነው። ግን የ2017 በጀት ዓመት ማለት ከሐምሌ 1 ቀን 2016 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017 ሲሆን፣ በእነሱ ከጁላይ 8 ቀን 2024 እስከ ጁላይ 7 ቀን 2025 ነው። ኦንላይን ቅጹ ላይ 2017 ብሎ የጻፈ ሰው ከተማውን ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ወሰደው ማለት ነው፤ ቅጹም ስሕተት ነው ብሎ አይመልሰውም።

ሌላው ማባዣው ነው። ሚቴንን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስትቀይሩ 28፣ ናይትረስ ኦክሳይድን 265 የሚለውን ሁላችሁም ተጠቀሙ (የአይፒሲሲ፣ ማለትም የመንግሥታቱ የአየር ንብረት ለውጥ ሳይንስ ጉባኤ፣ አምስተኛ ሪፖርት ነው)። አንዱ ከተማ ከአሮጌ ቅጽ 25 ቢወስድ ድምሩ ድምር አይሆንም። ወሰኑንም በካርታ አያይዙ። የባሕር ዳር ቁጥር ዘጌን፣ መሸንቲንና ጢስ ዓባይን ይጨምራል ወይስ መሀል ከተማውን ብቻ? የሕዝብ ብዛቱና የቆሻሻው መጠን ከተለያየ ወሰን ከተወሰዱ በነፍስ ወከፍ የሚወጣው ቁጥር ዋጋ የለውም።

የደንገሉ ልጅ፦

እኔ ስለ ቆሻሻ ብቻ ልናገር፣ ምክንያቱም ከተማ አስተዳደሩ በራሱ ሥልጣን ሊቀንሰው የሚችለው ትልቁ ልቀት እሱ ነው። ከሰል የሚያነደውን ሰው ማዘዝ አይችልም፣ የቆሻሻ መኪናውን ግን ያዝዛል።

ሂሳቡን ተመልከቱ። በአይፒሲሲ መደበኛ ቁጥሮች አንድ ቶን የምግብ ትራፊ ሙሉ በሙሉ አየር ባጣ ጉድጓድ ቢቀበር በጊዜ ብዛት 50 ኪሎ ግራም ሚቴን ያወጣል (ሊበሰብስ የሚችለው ካርቦን 0.15 × ከዚያ በእርግጥ የሚበሰብሰው 0.5 × ከጋዙ ሚቴን የሚሆነው 0.5 × ካርቦንን ወደ ሚቴን መቀየሪያው 16/12)። ይህ በቦታው ዓይነት ይባዛል። ከ5 ሜትር ያነሰ ጥልቀት ያለው ዝርክርክ መድፊያ 0.4፣ ከ5 ሜትር በላይ የተከመረ 0.8፣ በአግባቡ ተሸፍኖ የተጠቀጠቀ ዘመናዊ ላንድፊል 1.0። ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲለወጥ በቅደም ተከተል 560፣ 1,120 እና 1,400 ኪሎ ግራም ይመጣል።

ዘመናዊ የተባለው ከሁሉም በላይ መሆኑን ልብ በሉልኝ! ጋዙን የሚሰበስብ ቧንቧና የሚያቃጥል ችቦ ሳይኖረው ቆሻሻን ጠቅጥቆ መሸፈን ኦክስጅን እየከለከለ ሚቴን ያበዛል። ይህ ማለት መድፊያው እንዳለ ይቅር ማለት አይደለም፤ ከሥሩ ፈስሶ ወደ ዓባይና ወደ ሐይቁ የሚሄደው ጥቁር ውሃ ብቻውን ላንድፊል ለመሥራት በቂ ምክንያት ነው። ግን ላንድፊሉ ከመከፈቱ በፊት የሚበሰብሰው ቆሻሻ ተለይቶ ይውጣ። ያው አንድ ቶን ኮምፖስት ቢሆን 4 ኪሎ ግራም ሚቴንና 0.24 ኪሎ ግራም ናይትረስ ኦክሳይድ ያወጣል፣ ተደምሮ ወደ 176 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ቅነሳው ልዩነቱ ነው። 176ቱን ሳይቀንሱ 560 አዳንን ብሎ መጻፍ የተለመደ ስሕተት ነው።

መለኪያ ከሌለ ግን ይህ ሁሉ ወሬ ነው። የምድር ሚዛን ያለው መድፊያ ብርቅ ስለሆነ የእህል ነጋዴዎች ወይም የግንባታ ድርጅቶች ሚዛን ተከራዩና ከእያንዳንዱ ዓይነት መኪና (አይሱዙ፣ ሲኖትራክ፣ ትራክተር) ቢያንስ አሥር ጭነት በሙሉም በባዶም መዝኑ። ከዚያ በኋላ በር ላይ ምልልስ መቁጠር ይበቃል። በክረምትና በበጋ ለየብቻ ይሁን፤ ሐምሌ ላይ ግማሹ ክብደት ዝናብ ሊሆን ይችላል። የቤቶችን ቆሻሻ ለማወቅ የዩኤን ሃቢታት ዘዴ ጥሩ ነው፦ 90 ቤት፣ ከሀብታም፣ ከመካከለኛና ከድሃ ሠፈር ሠላሳ ሠላሳ፣ ስምንት ቀን ተሰብስቦ የመጀመሪያው ቀን ይጣላል፤ የከረመ ቆሻሻ ስለሚወጣበት። በፋሲካና በጥምቀት ሳምንት አታድርጉት፣ በሁዳዴ ብቻም አታድርጉት።

አንድ ቁጥር ላይ ግን ከተሞቹ ሳይስማሙ እንዳይጀምሩ። በየዓመቱ የሚወጣውን ሚቴን ለማስላት የመበስበሻ ፍጥነት ያስፈልጋል። ለምግብ ትራፊ አማካይ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በላይ ለሆነና ዝናብ ለሚበዛበት ቦታ 0.4፣ ከ20 በታች ለሆነና እርጥብ ለሆነ ቦታ 0.185 ነው። ባሕር ዳር ጠርዙ ላይ ናት። አንዱ 0.4፣ ሌላው 0.185 ከወሰደ የአንዱ ቆሻሻ ግማሹ በሁለት ዓመት ገደማ፣ የሌላው በአራት ዓመት ገደማ ይበሰብሳል፤ በአየር ንብረት ሳይሆን በወረቀት ተለያዩ ማለት ነው። የሜትዮሮሎጂውን የብዙ ዓመት አማካይ ይዛችሁ ወስኑ፣ ምክንያቱን ጻፉ።

ኮምፖስቱ ላይ የሚበላሸውን ልንገርሽ እህቴ። ክምሩ ወርዱ ከ2 እስከ 3 ሜትር፣ ቁመቱ 1.5 ሜትር ይሁን፤ ከዚያ በላይ ከሄደ በራሱ ክብደት ይጠቀጠቅና መሀሉ ሚቴን ያመርታል፣ ኮምፖስት ተብሎ ትንሽ መድፊያ ተሠራ። እርጥበቱ በጭብጥ ይታወቃል፤ ሲጨመቅ ጥቂት ጠብታ ብቻ መውጣት አለበት። ቢሸት አየር ጎድሎታል። መሀሉ 55 ዲግሪ ደርሶ ቢያንስ 15 ቀን ይቆይ፣ በዚያ ጊዜ አምስት ጊዜ ይገልበጥ። ከ65 ካለፈ ሳይጠበቅ ይገልበጥ። የጫት ገረባ በብዛት አለን፣ ደረቅና እንጨታም ስለሆነ ለምግብ ትራፊ ጥሩ ማመጣጠኛ ነው፤ ግን ጣት በሚያህል ርዝመት ካልተከተፈ ዓመትም አይበሰብስ።

እምቦጩስ? ትኩሱ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው። 10 ቶን ጭኖ ከተማ ድረስ የሚያመጣ መኪና 9 ቶን ውሃ በናፍጣ እያመላለሰ ነው። ዳር ላይ ይሰጣ፣ ይጠውልግ፣ ተከትፎ ከገረባ ጋር ይቀላቀል። መስጫው ሐይቁ በመስከረም ከሚደርስበት ወሰን በላይ ይሁን፣ አለዚያ ውሃው ሲሞላ መልሶ ይወስደዋል። ዘሩ ለብዙ ዓመት ሳይሞት ይቆያል። 55 ዲግሪ ያልነካውን የክምሩን ጠርዝ ወደ መሀል ሳያስገቡ ለገበሬ መስጠት እምቦጭን በመስኖ ቦይ መዝራት ነው።

ለነገሩ ባሕር ዳር ለዚህ ሥራ አዲስ አይደለችም። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የደገፈው፣ ስድስት ከተሞችን ያቀፈ የኮምፖስትና የከተማ አረንጓዴ ልማት ፕሮጀክት ውስጥ ከአዳማ፣ ቢሾፍቱ፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳና መቀሌ ጋር ነበረች። ከዜሮ ከመጀመር የዚያን ጊዜ መዝገብ መፈለግ ይቀድማል።

ማገዶ ቆጣቢ፦

ከላይ የተባለው ልክ ነው፣ ግን ቆሻሻ ይቅደም የሚለው ላይ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ቁጥሩ ስለሚያታልል ነው። አንድ ቶን ከሰል ቤት ውስጥ ሲነድ ቅጹ ላይ የሚታየው ሚቴኑና ናይትረስ ኦክሳይዱ ብቻ ነው፣ ወደ 170 ኪሎ ግራም። የከሰሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከዕፅዋት የመጣ ስለሆነ ለብቻው ይመዘገባል፣ ድምሩ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ከተማዋ ንጹሕ ትመስላለች። ደን ተጨፍጭፎ ከሆነ ግን ጉዳቱ የሚመዘገበው እንጨቱ በተቆረጠበት ወረዳ ነው፣ እዚያ ደግሞ የሚቆጥር የለም። ከሰሉ ሲከሰል የሚወጣው ሚቴንም ምድጃው ላይ ከሚወጣው ይበልጣል፣ እሱም የወረዳው ነው። ለኅብረቱ ዋናው ምክንያት ይህ ይመስለኛል፦ ምድጃውና የከሰል ክምሩ በአንድ ሰነድ ካልተያዙ ልቀቱ የሁለቱም ሳይሆን ይቀራል።

ሁሉም ከሰል አንድ አይደለም። ከአዊው ፋግታ ለኮማና ከአካባቢው የሚመጣው የዲከረንስ (የግራር ዘር የሆነ ዛፍ) ከሰል ገበሬው ተክሎ፣ በጥቂት ዓመት ቆርጦ፣ መልሶ የሚተክለው ነው። ከተፈጥሮ ደን ከሚመጣው ጋር አንድ ላይ መደመር የለበትም። ስለዚህ ቆጣሪው ኬላ ላይ «ስንት ማዳበሪያ ጆንያ» ብቻ ሳይሆን «ከየት» ብሎም ይጠይቅ። የመሸንቲ፣ የአዴትና የወረታ መግቢያዎች ለሰባት ቀን፣ ሌሊቱን ጨምሮ ይቆጠሩ፤ ከሰል የሚገባው በሌሊት ነው። ማዳበሪያው ኩንታል አይደለም፣ ከአፉ በላይ በቅጠል ታስሮ የሚቆለል ቆብ አለው፣ ሠላሳ ያህሉን መዝናችሁ አማካይ አውጡ። በኬላ የማያልፍ ስላለ ውጤቱን ከቤት ለቤት መጠይቅ ጋር አነጻጽሩት። የሁለቱ ልዩነት ሰፊ ከሆነ የቤቱን እመኑ።

ቅነሳው ሁለት በኩል ነው። አምራቹ ጋ፦ እንጨቱ ሳይከሰል በፊት ጥቂት ሳምንት ይድረቅ፤ እርጥብ እንጨት ራሱን ለማድረቅ ራሱን ያቃጥላል። በባህላዊው ክምር አንድ ኪሎ ከሰል ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይበላል፤ ጭስ ማውጫ የተተከለለት የካዛማንስ ክምር ይህን ወደ 4 ሊያወርደው ይችላል። ጭስ ማውጫውን ከተማው ገዝቶ ለወረዳ ማኅበር ቢሰጥ የመብራት አምፖል ከመግዛት ይሻላል። ቤት ውስጥ ደግሞ እንጀራው ነው ዋናው። ምርጥ ምድጃ የሚባለው፣ በክፍል በክፍል የሚገጣጠመው የእንጀራ ምድጃ፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ግማሽ ያህል ይቆጥባል፣ ግን ክፍሎቹ ሲገጠሙ መሀላቸው ክፍተት ከቀረ ቁጠባው ይጠፋል፣ ስለዚህ ከገዙት በኋላ አንድ ጊዜ ሄዶ ማየት ግዴታ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሁሉ ይበልጣል፣ መብራታችን የውሃ ስለሆነ። ችግሩ ሽቦው ላይ ነው። 3.5 ኪሎ ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ይጎትታል። ለአምፖል በተዘረጋ 1.5 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር) ሽቦ ከተሰካ ሶኬቱ ይቀልጣል። ቢያንስ 2.5 ካሬ፣ ራቅ ካለ 4 ካሬ፣ ከራሱ 20 አምፔር ማቋረጫ ጋር ይዘርጋ። መቶ ቤት ቅዳሜ ጠዋት አብሮ ቢጋግር 350 ኪሎ ዋት ነው፣ 315 ኬቪኤ ትራንስፎርመር አይችለውም። ምጣድ በብድር ከመታደሉ በፊት የሠፈሩ ትራንስፎርመር ይታይ።

ባለ ሦስት እግር፦

ትራንስፖርቱን አጠር አድርጌ። ማደያዎች የሸጡትን ነዳጅ ወስዶ ማባዛት ቀላል ነው፦ ቤንዚን በሊትር ወደ 2.3፣ ናፍጣ ወደ 2.7 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ግን ባሕር ዳር ላይ አይሠራም። ወደ ጎንደርና ወደ መተማ የሚያልፈው የጭነት መኪና እዚህ ይቀዳል፣ በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚን ደግሞ የትም አይመዘገብም። ናፍጣውን አላፊው መኪና የቀዳውን ለይታችሁ ከማደያ፣ ቤንዚኑን ከባጃጅ ማኅበራት መጠይቅ ውሰዱ። አንድ ባጃጅ በቀን 6 ሊትር ቢያቃጥልና በዓመት 300 ቀን ቢሠራ 4.1 ቶን ነው። ሁለት መቶ ያህል ሾፌር ጠይቃችሁ እውነተኛውን ሊትር አግኙ፣ በሥራ ላይ ባለው ሰሌዳ አባዙት። የማይሠራው ባጃጅ መዝገብ ላይ ለዓመታት ይቀመጣልና ጠንቀቅ።

በጋራ ግዢ ላይ ትልቁ ጥቅም ያለው እዚህ ነው። የኤሌክትሪክ ባጃጅ እየገባ ነው፣ ግን አንዱ 60 ቮልት፣ ሌላው 72፣ የአንዱ ሶኬት ለሌላው አይገባም። ጎንደር፣ ባሕር ዳርና ደብረ ታቦር አንድ ዓይነት መስፈርት (አንድ ቮልት፣ አንድ ሶኬት፣ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ) ቢያወጡ መለዋወጫም ባትሪ መቀያየሪያም ይኖራል። በእርሳስ ባትሪ የሚመጣው ርካሽ ነው፣ ግን 300 እስከ 500 ጊዜ ተሞልቶ ያረጃል። ሾፌሩ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ወደ ቤንዚን ይመለሳል፣ አሮጌው እርሳስም የት እንደሚጣል አታውቁም።

ብስክሌቱንማ ማን ይንገራችሁ፣ ከተማችን ሜዳ ናት። የብስክሌት መስመሩ ላይ ባጃጅ እንዳይቆም ጠርዙን በድንጋይ ከፍ ማድረግ ብቻ ነው የጎደለው።

የግሽ ዓባይዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ተማርኩ። አንድ የቀረኝ፦ የጋራ መድፊያ ወይም የጋራ ኮምፖስት ጣቢያ ቢሠራ የአንዱ ቆሻሻ በሌላው ወሰን ሲገባ ማን ይቆጥረዋል? ቅነሳውንስ ማን ይወስደዋል?

ታንኳ፦

በፕሮቶኮሉ ቆሻሻው የተፈጠረበት ከተማ ነው የሚቆጥረው፣ የተጣለው ሌላ ቦታ ቢሆንም። ሐሙሲት ለባሕር ዳር ቆሻሻ ቦታ ብትሰጥ ልቀቱ በባሕር ዳር ድምር ውስጥ ይገባል፤ ሐሙሲት በወሰኗ እንደወጣ ትመዘግበዋለች እንጂ ቤዚክ ድምሯ ውስጥ አትጨምረውም። ለዚህ በር ላይ የሚያዘው መዝገብ «ከየት ከተማ» የሚል ዓምድ ይኑረው። ቅነሳውም እንደዚያው ይከፈላል፣ ባስገቡት ቶን ልክ። የካርቦን ሽያጭ ቢመጣ ግን የተሸጠው ቶን ለዒላማው ከሚቆጠረው የከተማው ቅነሳ ላይ ይነሣል፣ ሁለት ጊዜ አይቆጠርም፤ ይህን ከሽያጩ በፊት ጻፉት።

ዒላማውን በተመለከተ አውሮፓ ውስጥ ጎረቤት ከተሞች ሁለት ምርጫ አላቸው። አንዱ እያንዳንዱ የራሱን ቁጥርና ዒላማ ይዞ ሥራውን ብቻ መጋራት፣ ሌላው ሁሉም አንድ ዒላማ መያዝ። ሁለተኛው ለጥቃቅን መንደሮች ነው የሚመቸው። እዚህ የመጀመሪያውን ያዙ፣ አለዚያ የባሕር ዳር ቁጥር የወረታን ሥራ ይውጠዋል።

የቴክኒክ ሰነዱ የማያድነው ነገርም አለ። አዲስ አበባ በ2016 እ.ኤ.አ. ቆሻሻዋን ወደ ሰንዳፋ ማዞር ጀምራ በአካባቢው ገበሬዎች ተቃውሞ በወራት ውስጥ ወደ ቆሼ ተመለሰች፤ በመጋቢት 2017 እ.ኤ.አ. ቆሼ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ሞተ። የሚቀበለው ቀበሌ ምን ያገኛል? ሽታና ፍሳሽ ቢመጣ በስንት ቀን ውስጥ ማን ያስተካክላል? ካሣው በየትኛው ከተማ በጀት ነው? እነዚህ ከሰነዱ ገጽ አንድ ላይ ይሁኑ፣ ነዋሪው ባለበት ተነበው።

ፋይሉን ደግሞ በአንድ ሠራተኛ ላፕቶፕ ላይ አትተዉት። እያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደሰጠውና ምን ያህል እንደሚታመን (ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ) ይጻፍ፤ ቅጹ ራሱ ይጠይቃል፣ ሰው ግን ባዶ ይተወዋል። ሥራው የጀመረ ሰሞን ባለሙያው ይዛወራል፣ ተተኪው የመበስበሻ ፍጥነቱ 0.4 ከየት እንደመጣ ካላወቀ ከፊተኛው ዓመት ጋር የማይወዳደር አዲስ ቆጠራ ይሠራል።